ፍም የማይፈልገው ፔዳል

የበኃይሉ አስከሬን ነጠላ ለብሶ መደቡ ላይ ተጋድሟል። ጀላሉ ከተቀመጠበት በርጩማ መነሳት አይችልም። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል፤ ከፖሊሱ ወዲያ ዱላ የያዙ ጎረምሶች አጥሩን ከበዋል፤ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ የደጋ ከተማዋን ሞላሌን ከጠዋት ጀምሮ የዋጠው ጉም አለ። እንደ እሱ ቆላ ተወልዶ ላደገ ሰው ጉሙ ራሱ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ ነው።

ሟቹ የሠርግ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታቸውን ዕቃዎች በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ በይዶ፣ የጊታሩን ድምፅ እንደተቆጣ የንብ መንጋ የሚያስጮኽ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ሠርቷል። ጎረቤት እንዳይማረርበት የሚለማመድበትን ጓዳ በስፖንጅና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ደፍኖታል። ዛሬ ከቀትር በኋላ በዚያው ጓዳ ሞቶ ተገኘ። ውስጥ የከሰል ምድጃ ነበር። ከሰሉን ለቤቱ በስጦታ ያመጣው የሬዲዮና የስልክ ዕቃ ነጋዴው ጀላሉ ነው። ትናንት ደግሞ ገበያ መሀል ከሟቹ ጋር ሲሰዳደብ ያልሰማ የለም። ስለዚህ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሷል።

ኢንስፔክተር ዘነበች ግን አልጨረሰችም። ጉንፋን የያዛት አጭር ሴት ነች፤ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች ትጠይቃለች፣ መልሱን የምትሰማም አትመስልም። በቅድሚያ ያነጋገረችው የሠርግ ባንዱን አለቃ ጋሽ ጫኔን ነው። በኃይሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት፣ ክራር አስይዘው ወደ ጊታር ያሸጋገሩት እሳቸው ናቸው። አስከሬኑንም ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ይሄ ምን ይጠየቃል» አሉ። «ፔዳሉ ብርድ አይችልም። ሲበርደው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሁልጊዜ ፍም አስጠግቶ ነው የሚያሞቀው። ዛሬም ራሱ አስገብቶ እንቅልፍ ጣለው።»

«በፊትም በከሰል ነበር የሚያሞቀው?»

«ከሰል ከየት መጥቶ? በኩበት እንጂ። የኩበት ጭስ ዓይናችንን ሲያጠፋው በር ከፍተን ነበር የምንሠራው። ይሄኛው ጭስ እንኳ የለው።»

«በሩስ ዛሬ?»

«ገርበብ ብሎ ነበር። ስስበው ተከፈተ።»

ቀጥላ የሟቹን እህት ጥሩሸዋን ጠየቀች። ጥሩሸዋ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ግን ቀጥ ብሎ ተናገረች። ወንድሟ ሌሊቱን ሙሉ ሠርግ ላይ ሲጫወት አድሮ ጠዋት ገብቷል። አዲስ አበባ ያለ ባንድ ጠርቶት በቀትሩ አውቶቡስ ሊሄድ ነበር። ጓዳው ውስጥ ጋደም ከማለቱ በፊት ጊታሩን ይዞ ጓሮ ወጣ፤ ጉሙ መሀል ቆሞ ፔዳሉን ሞከረው፤ ድምፁ ፍንክች አላለም። እሷ ከሰሉ የተያያዘበትን ምድጃ ማድ ቤት ትታ ወፍጮ ቤት ሄደች። የተመለሰችው በጋሽ ጫኔ ጩኸት ነው።

ዘነበች ወደ ጓዳው ገብታ ቆየች። በሩ ሥር የተጠቀጠቀውን ስፖንጅ በጣቷ ነካካች፤ ከውስጥ በኩል ተቦጫጭቋል። በሩን ወደ ውጭ ገፋችው፣ ሳበችው፣ እንደገና ገፋችው። ተመልሳ የሟቹን ትከሻ ገልጣ አየች። ከዚያ የሰርዲን ቆርቆሮውን ይዛ ጀላሉ ፊት ተቀመጠች።

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?»

«በትራንዚስተር።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። ጀላሉ ግን አስረዳ። ድምፅ የሚያጎሉት የአሮጌዎቹ ሬዲዮዎች ትራንዚስተሮች ጀርመኒየም የሚባሉ ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ብርድ ግን ያንቃቸዋል። በኃይሉ ብርድ የማይበግራቸውን የሲሊከን ትራንዚስተሮች እንዲያመጣለት አዘዘው። ጀላሉ ግን ካመጣቸው በኋላ አትቀይር፣ ድምፁ ሻካራ ይሆንብሃል ብሎ ተሟገተው።

«‹ታዲያ አዲስ አበባ ምድጃ ተሸክሜ ልዙር?› አለኝ። ሰደብኩት። ሰደበኝ።»

ዘነበች ቆርቆሮውን ከፈተች። «ቀይሯቸዋል?»

ጀላሉ ጎንበስ ብሎ አየ። «ቀይሯቸዋል። እነዚህ ጥቁሮቹ አዲሶቹ ናቸው።»

«አሁን ሙቀት ይፈልጋል?»

«ምንም አይፈልግም።»

ዘነበች ሁሉንም ወደ መደቡ ጠራች። ሰው ሲሰበሰብ ክፍሉ ጠበበ።

«ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሟቹ በሩ ሥር ነበር፤ ፔዳሉ ደግሞ እንዲሞቅ ምድጃው ጥግ ተቀምጦ ነበር» አለች። «በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ትከሻው በልዟል፤ ስፖንጁን ቦጫጭቋል። ገርበብ ያለ በር ቢሆን ገና ሲደገፈው ጓሮ በወደቀ። ስለዚህ በሩ በውጭ ተቀርቅሮበት ነበር።»

ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ማን ቀረቀረው? ፔዳሉን ፍም ያስጠጋው ሰው ነው። በኃይሉ ራሱ ቀይሮታልና አያስጠጋውም። ጥሩሸዋ ፔዳሉ ጉም ውስጥ ሳይቆራረጥ ሲጮኽ ሰምታለች፤ ፍም እንደማይፈልግ ታውቃለች። ጀላሉ ዕቃውን አምጥቷል፤ አደጋ ለማስመሰል አስጠግቶት ቢሆን ደግሞ ‹ሙቀት አይፈልግም› ብሎ ራሱን አያጋልጥም። መቀየሩን ሳያውቅ የሳሳለት አንድ ሰው ብቻ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ጋሽ ጫኔ፣ በሩን የቀረቀሩት አውቶቡሱ እስኪያልፍ ነበር?»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ። 

«እስኪያልፍ ብቻ» አሉ። «ልጄ ነው እኮ። እሱ ከሄደ ምን ቀረኝ? ተኝቶ ነበር፤ እንዳይበርደው ምድጃውን አስገባሁለት፤ ለፔዳሉም አሰብኩ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፍቶ ሲያልፍ ልከፍትለት መጣሁ… እንዴት ይገድላል? ጭስ የለውም እኮ።»

«የሚገድለው የማይታየው ነው» አለ ጀላሉ በቀስታ። «እኛ ዘንድ ከሰል በተዘጋ ቤት አይገባም።»

ዘነበች ፖሊሱን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ጋሽ ጫኔን ደግፎ አስነሳቸው። «አንተ ነፃ ነህ» አለችው ጀላሉን።

ጀላሉ ተነሥቶ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። እዚህ የተባለው አጥሩ ጋ አልደረሰም። ጎረምሶቹ የበሩን መንቀሳቀስ አይተው ሰብሰብ፣ ጠጋ ሲሉ ተሰማው።

ጥሩሸዋ ከወንድሟ ራስጌ ተነሣች። የጀላሉን ክንድ ያዘችና ቀድማው ወጣች። ዱላዎቹ ፊት ስትደርስ እንኳ ክንዱን አልለቀቀችም።

«አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው ነው» አለች። «ወንበር አምጡለት።»