አንድ ፊደል ወደ ቀኝ

ሬሳዋን ያገኘችው የናሙና ክፍሉ ሠራተኛ ናት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ የብረቱን በር ስትከፍት ቅዝቃዜው ፊቷን መታት። ወለሉ ላይ ነጭ ጉም ተኝቷል፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ እግር ጫማ ብቻ ይታያል። ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናትና አልገባችም። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አየር እስኪገባ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እንደዚያ የረዘመ አምስት ደቂቃ አይቼ አላውቅም ስትል ኋላ ለመርማሪው ነገረችው።

የሞተችው የቤተ ሙከራው ፕሮግራም ሠሪ ነበረች። ሁሉም «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ሌላው ያላየውን ስህተት ወግታ ታወጣለች። ቤተ ሙከራው ከሴቶች ደም ዘረመል ያነባል። ዘረመል ማለት ከእናት ከአባት የሚወረስ ረጅም የፊደል ሰንሰለት ነው፤ አንዲት ፊደል ከቦታዋ ከተለወጠች የጡት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሰንሰለቱን ፈትሾ «ይህችን ያሰጋታል፣ ያችን አያሰጋትም» የሚለው ፕሮግራም በመርፌ እጅ ነበር።

መርማሪው ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ድሮ ካየ በኋላ ምሳ አይወርድለትም ነበር፤ አሁን እጁን ታጥቦ ይበላል። ይህን ስለራሱ ያውቃል፣ አይወደውምም። ከመርፌ አጠገብ ተንበርክኮ ፊቷን አየ። ቁስል የለባትም፤ የታገለች አትመስልም። ጥግ ላይ ያለው የፈሳሽ ናይትሮጂን በርሜል መክፈቻው ተከፍቶ ተገኝቷል። ናይትሮጂን ሽታ የለውም፤ ጠባብ ክፍል ከሞላ አየሩን ያስወጣዋል፣ የገባውም ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል። የአየር መለኪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም።

ከግቢው ፖሊስ ጀምሮ ሁሉም አደጋ ነው ብሎ ነበር። ጥፋቱም በናሙና ክፍሉ ሠራተኛ ላይ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር፤ በርሜሉን የምትዘጋው እሷ ናት።

ሠራተኛዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጠንካራ ሴት ናት። ማታ በርሜሉን ዘግታ፣ መዝገብ ላይ ፈርማ መሄዷን ነገረችው። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ደም ለማምጣት ሆስፒታል ትውላለች፤ ይህን የማያውቅ የለም።

«ጋዝ ክፍት ትቼ የምሄድ ሴት ብሆን ኖሮ ጌታዬ፣ ቤቴ ከነልጆቼ ድሮ በተቃጠለ» አለችው።

«መለኪያው ለምን አልጮኸም?»

«ባትሪው ሞቷል ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ነው በእጄ የቀየርኩት። ቀኑንም ባትሪው ላይ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፤ ካልጻፍኩ እረሳለሁ።»

መርማሪው ወንበር ላይ ወጥቶ መለኪያውን ከፈተ። ሁለቱ ባትሪዎች ባዶ ናቸው፤ ጽሑፍ የለባቸውም። መልሶ ዘጋውና ወረደ። አሁን አደጋ እንዳልሆነ አውቋል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

በሁለት ሰዓትና በሦስት ሰዓት መካከል ከመርፌ ሌላ ሕንፃው ውስጥ ሦስት የቤተ ሙከራው ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ፕሮፌሰሩ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው። ቢሯቸውን ዘግተው በስልክ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ተናገሩ። መርማሪው የስብሰባውን ሰዎች ጠይቆ ስብሰባው መሰረዙን ሰማና ተመልሶ ነገራቸው። ፕሮፌሰሩ ተኝተው እንደነበር አመኑ። ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ እንዲታወቅባቸው አይፈልጉም። መርፌ ለአራት ሰዓት ከሳቸው ጋር ቀጠሮ ይዛ እንደነበርም ነገሩት፤ ጉዳዩን አልነገረቻቸውም።

ሁለተኛዋ የመርፌ ታላቅ እህት ናት፤ አማካሪ ነች። ፕሮግራሙ ያወጣውን ውጤት ለሴቶቹ ፊት ለፊት የምትነግረው እሷ ናት። እስከ ሁለት ተኩል እንግዳ ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ነበረች። መርማሪው ሲያገኛት የደም መያዣ ከረጢት ካርቶን ላይ ተቀምጣ የእህቷን ጃኬት እያጠፈች፣ እየዘረጋች፣ መልሳ እያጠፈች ነበር። አታለቅስም። አጣጥፋ ከጨረሰች በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባት የጠፋት ትመስላለች።

«ትናንት ማታ ምን አለችሽ?» አላት።

«አኩርፋ ነበር። እህትሽ ነኝ ንገሪኝ ስላት፣ ነገ ከሁሉም በፊት አንቺ ትሰሚያለሽ አለችኝ።» ጃኬቱን ዘረጋችው። «ከሁሉም በፊት አልሰማሁም።»

ሦስተኛው ተንታኙ ነው፤ ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚያስኬድ፣ ቁጥብ፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው ሰው። ከሁሉም የተሻለ መልስ የነበረው እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የአንዲት ሴት ናሙና ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቶ፣ ሦስት ሰዓት ውጤቱ እስኪወጣ ከወንበሩ አልተነሣም። ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ቆሞ «ልቀጥል?» ይላል፤ የሚጫን ሰው ከሌለ አይሄድም። ወረቀቱን አሳየው። ቀኑም ሰዓቱም አለበት፤ ከታች «አያሰጋትም» ይላል።

መርማሪው ወረቀቱን ለሁለተኛ ጊዜ አነበበና ማስቀረት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ተንታኙ ፈቀደለት።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው እህትየዋ ዘንድ ተመለሰ። እሱ የኮምፒውተር ሰው አይደለም። ፕሮግራሙ የት እንደሚቀመጥ ጠየቃት። ሁሉም የሚጠቀመው በአንድ ሰርቨር ላይ ያለውን አንዱን ቅጂ መሆኑን፣ መርፌ አንድ ነገር ከቀየረች ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሁሉም እንደሚቀየር ነገረችው። ለውጡን ሁሉ የሚመዘግብ ማስታወሻም አለ። ከፈተችለት። የመጨረሻው ጽሑፍ የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ የተጻፈ ነው። እህትየዋ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ድምጿ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ነበር።

«አንድ መቀነስ ተረስቶ ነበር። ለሁለት ዓመት አንድ ፊደል ወደ ቀኝ እያነበብን ነበር። ተስተካክሏል።»

መርማሪው ትርጉሙን ጠየቃት። ወረቀት ሳበችና በሥዕል ታስረዳው ጀመር።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም ስብሰባ ክፍል ተጠሩ። ፕሮፌሰሩ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ፤ ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ፣ ተንታኙ በመስኮቱ በኩል፣ እህትየዋ ጃኬቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። መርማሪው አልተቀመጠም። ድምፁን ሳያነሣ ጀመረ።

መጀመሪያ አደጋ አለመሆኑን ነገራቸው። የሠራተኛዋ ባትሪዎች ተወስደው በባዶ ተተክተዋል፤ ባትሪ ደግሞ ራሱን አይቀይርም። ያደረገው ሰው ሠራተኛዋ ማክሰኞ እንደማትኖር ያውቃል፤ መርፌ ዛሬ ጠዋት ናሙና ክፍል እንደምትገባም ያውቃል። መርፌ በየቀኑ እዚያ የምትገባ ሰው አይደለችም፤ እንግዲህ ራሷ ነግራዋለች።

«ለምን ልትገባ ነበር?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«የድሮ ናሙናዎችን አውጥታ እንደገና ልታስነብብ። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ፕሮግራሙን ሲያፈጥን አንዲት መስመር አጠፋ። የአደገኞቹ ፊደላት ሰንጠረዥ ከአንድ ይቆጥራል፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ ይቆጥራል። ያቺ መስመር አንድ እየቀነሰች ታስታርቃቸው ነበር። ስትጠፋ ፕሮግራሙ ሊያየው ከሚገባው ፊደል አጠገብ ያለውን ጎረቤቱን ማየት ጀመረ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። መርማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ የተንታኙ ውጤት ነው። ዛሬ ሁለት ከሩብ ተጀመረ ይላል። መርፌ ፕሮግራሙን ያስተካከለችው ሁለት ከአምስት ላይ ነው። እንግዲህ ይህ ውጤት በተስተካከለው ፕሮግራም የወጣ መሆን ነበረበት።» ሌላ ወረቀት ከጎኑ አድርጎ ወደ ተንታኙ ዞረ። «ያንኑ ናሙና ከሰዓት በኋላ እህትየዋ እንደገና አስኬደችው። የእርስዎ ወረቀት አያሰጋትም ይላል። የእሷ ያሰጋታል ይላል።»

ተንታኙ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ ራሱ ሳበ።

«ይህ ውጤት ትናንት ነው የወጣው፤ ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ናቸው የተለወጡት» አለ መርማሪው። «መርፌ ትናንት ማታ ስህተቱን ነግራዎታለች። እስከ አራት ሰዓት ሄደህ ራስህ ለፕሮፌሰሩ ንገር ብላ ዕድል ሰጥታዎታለች። እስከዚያ ፕሮግራሙን አትነካም ብለው አሰቡ። እሷ ግን ስህተት አይታ ማደር አትችልም ነበር፤ ማልዳ መጥታ አስተካከለችው።»

ከዚያ ወደ ተንታኙ ጠረጴዛ የላከውን ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ የተንታኙን ገመድ አልባ ማውዝ በላስቲክ ከረጢት ይዞ ገባ። መርማሪው ገለበጠውና ክዳኑን ከፈተ። ከባትሪዎቹ በአንዱ ላይ፣ በታች በኩል፣ ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል።

«የኔ ጽሑፍ ነው» አለች ሠራተኛዋ ቀስ ብላ።

ተንታኙ ማውዙን ሳይሆን ወረቀቶቹን ይመለከት ነበር። ሲናገር የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር። መስመሯን ሳያውቅ እንዳጠፋ፣ ከስምንት ወር በፊት ራሱ እንዳገኛት፣ ያኔ ተናግሮ ቢሆን ይቅር ይባል እንደነበር ነገራቸው። ነገ እናገራለሁ እያለ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ኋላ ስምንት ወር ለምን ዝም አልክ የሚለው ጥያቄ ከስህተቱ በለጠ።

«ስምንት ወር ሙሉ ውጤቱን እየሰጠኸኝ ነበር» አለች እህትየዋ። በስብሰባው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «እኔም በዚህ አፌ እየነገርኳቸው።»

«አዎ» አላት።

ይዘውት ወጡ። ፕሮፌሰሩ ተከትለው እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ።

የሁለት ዓመቱን ናሙናዎች ሁሉ እንደገና ለማስኬድ ሁለት ቀን ፈጀ። ውጤታቸው የተሳሳተባቸው አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ሦስቱ ምንም ሳይኖርባቸው ጡታቸውን አስቆርጠዋል። ስምንቱ ደኅና ናችሁ ተብለው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ፕሮፌሰሩ ሌላ ሰው ይደውልላቸው ቢሉ እህትየዋ እምቢ አለች። ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዋ ገባች። መርማሪው የመጨረሻ ፊርማ ሊያስፈርማት መጥቶ ነበር፤ ስልኩን ስታነሣ ሊወጣ አሰበና አልወጣም። እጇ ለስም ዝርዝሩ ነፃ እንዲሆን ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

የመጀመሪያዋ ሴት ከስምንቱ አንዷ ናት። ከኋላዋ የልብስ ስፌት ማሽን ይሰማል። እህትየዋ ማን እንደሆነች ነገረቻት፤ ውጤቱ ተሳስቶ እንደነበር ነገረቻት፤ ነገ ጠዋት ለምርመራ መምጣት እንዳለባት ነገረቻት። ማሽኑ ቆመ።

«ጊዜው አልፎብኛል?» አለች ሴትየዋ።

«አናውቅም። አሁን ከመጣሽ ላያልፍ ይችላል።»

ሴትየዋ ስህተቱን ማን አገኘው ብላ ጠየቀች።

«እህቴ ናት ያገኘችው።»

«እንግዲያው እህትሽን አመስግኚልኝ። በእግዜር፣ ከኔ ነው ብለሽ ንገሪያት።»

መርማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለች እህትየዋ። ሰዓቱን አስያዘቻት፣ ከስሟ ጎን ምልክት አደረገች፣ ሁለተኛውን ቁጥር መደወል ጀመረች።