ወጌሻው ከምስሉ በኋላ መጣ

ሰብሪና ሳዲቅን መጀመሪያ ያየችው ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያው ቤት በር ላይ እያስነጠሰች ነው። የገለባው ብናኝ ጥቁር ሂጃቧን ነጭ አድርጎታል። እሱ ጆንያ እንደተሸከመ ቆሞ ይስቃል።

«ምን ያስቅሃል?»

«ዱቄት ውስጥ ያደረች አይጥ መስለሽ!»

«አንተስ? ጆንያ የጫኑት በሬ!»

በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ። ከስድብ የጀመረ ፍቅር ደግሞ ቶሎ አይላላም።

ሳዲቅ ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ ሩዝ ከተቆለለበት አይሱዙ ላይ ወደቀ። አከርካሪው ተሰበረ፤ አንድ እግሩም ደነዘዘ። ባሕር ዳር ሲወስዱት ሰብሪና አብራ ሄደች። ዶክተር ሕዝቅኤል በሲቲ ስካን ካነሳው በኋላ ስክሪኑን አሳያቸው።

«ብሎኖቹ የት እንደሚገቡ በዚህ ምስል ላይ አቅዳለሁ። ቀዶ ጥገናው ላይ ደግሞ መሣሪያዬ የቱ ጋ እንደደረሰ እዚሁ ላይ አያለሁ። እንደ መንገድ ካርታ በሉት። ብቻ እስከዚያ ወገቡን እንዳትነኩት! አጥንቱ ከተዛነፈ ካርታው ይዋሻል፤ ብሎኑም ነርቭ ይወጋል።»

ቀጠሮው ሩቅ ስለሆነ ሳዲቅ እናቱ ቤት ተኝቶ ይጠብቅ ጀመር። ሰብሪና ልትጠይቀው ስትሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ሌላ አግቢ።»

«ማንን?»

«የሚቆም ሰው።»

«የስልክ እንጨትም ቆሟል፤ እሱን ላግባ?»

አልሳቀም። «ሁለተኛ እንዳትመጭ» አላት።

ደግማ አልሄደችም። ግን በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ስትለካ እጇ ይቆማል፣ ዓይኗ በሩ ላይ ይቀራል... ክረምት ላይ መውጫ ያጣ ውሃ የፎገራ ሜዳ ላይ እንደሚተኛ፣ ናፍቆቱ ልቧ ላይ ተኛ።

አንድ ቀን የሳዲቅ እህት ራህመት እያለከለከች ሱቅ ገባች።

«ሰብሪዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ! እማዬ ቀጠሮው ራቀ ብላ ወጌሻ አመጣች። አያ ዘመነን፣ ከቁሐር ሚካኤል።»

«አሸው?»

«በጉልበቱ ተጭኖ! አጥንቱ ቋ ሲል ሰማሁ። ዶክተሩ እንዳይሰማ ብላ ሁላችንንም አስማለችን።»

«ቀዶ ጥገና መቼ ነው ሚገባው?»

«ነገ።»

ሰብሪና በማግስቱ ማለዳ የባሕር ዳር ሚኒባስ ላይ ነበረች። ሆስፒታሉ ስትደርስ ሳዲቅን በአልጋ እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቡት ነው። እናቱ እትዬ ራሂማ ተደናገጡ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ይንገሯቸው፣ እትዬ።»

«ዝም በይ! ዛሬ ካለፈው ልጄ አልጋ ላይ ይቀራል!»

ሳዲቅ እጇን ያዘ። ከስንት ናፍቆት በኋላ... ያዛት!

«ሰብሪ፣ እባክሽ። ያለኝን አንድ ዕድል አታጥፊብኝ።»

ዝም ብትል እጇን አይለቅም። እሷ ግን እያለቀሰች ጮኸች።

«ዶክተር! ምስሉን ከተነሳ በኋላ ወጌሻ አሽቶታል!»

ከአልጋው ፊት ይሄድ የነበረው ዶክተር ሕዝቅኤል ቆመ። «ዛሬ አንገባም። ሲቲ ስካኑን እንደገና ይነሳ።»

ሳዲቅ እጇን ለቀቀ። «ሂጅ። ዓይንሽን አልይ።»

ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኗ የተቀመጡ ቄስ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሏት።

«ማንም አልሞተ፣ አባ። ሊድን ነው።»

ከዚያ ወዲያ የሳዲቅ ድምፅ ጠፋ። ቀዶ ጥገናው ተሠራ አሉ። ቆመ አሉ። ሰብሪና ጥያቄውን እየዋጠች ጨርቅ ትለካለች። ሰው ፊት ትቀልዳለች፣ መጋዘን ገብታ ታለቅሳለች።

ከዚያማ አንድ የዝናብ ቀን፣ ጭቃውን በከዘራ እየመታ፣ ሱቁ በር ላይ ደረሰ! እናቱ ከኋላው ናቸው።

«ዶክተሩ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አሳየኝ» አለ ሳዲቅ። «አጥንቴ ተንሸራቶ ነበር። በድሮው ዕቅድ ቢሄድ ኖሮ... እግሬም ቀርቶ ነበር።»

«አፉ በይኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ራሂማ። «ጨንቆኝ ነው።»

«እርስዎንስ አፉ ብያለሁ። እሱ ግን ስልክ መደወል አይችልም? የታመመው ወገቡ ነው ወይስ ጣቱ?»

«አፍሬ ነው። ወላሂ የዚያኑ ዕለት ናፍቀሽኛል!»

ሰብሪና ዓይኗን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገች።

«ጠልተሽኝ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሞከርኩ እኮ... አልሆነልኝም!»

የጨርቅ ክምሩ ጀርባ የተቀመጡት አባቷ ሐጂ አብዱረህማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ ሽማግሌ ላኩና ይለቅ፤ ገበያዬን ዘጋችሁት!»

የዚያ ዓመት ሩዝ ሳይታጨድ ኒካሕ አሰሩ።