የጀማ ገደል ብሎን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ነጠላችሁን አጥፋችሁ ተቀመጡበት። የትርንጎን ነገር ላጫውታችሁ ነው።

የጀማ ከተማ ከገደሉ አፍ እስከ ወንዙ ድረስ በሰባት እርከን የተፈለፈለች ናት። አፋፉ ላይ የተተከሉ ሰባት ታላላቅ መስታወቶች ፀሐይን ይቀበሉና ወደ ታች ይልካሉ። ትምህርት ቤቶቻችን የሚኖሩት በዚያ ብርሃን ነው፤ እሱ ከሌለ ህያው ሰሌዳው አይሠራም። ህያው ሰሌዳ የሚባለው፣ መምህሩ «ልብ» ሲል ልብ እየመታች የምትታይበት፣ ልጆች በእጃቸው የሚዳስሱት ግድግዳ ነው።

በዚያ ዘመን ሕጉ «እያንዳንዱ እርከን ትምህርት ቤቱን በደረሰው ብርሃን ያስተዳድር» ይል ነበር። አንደኛ እርከን ቀኑን ሙሉ ይደርሰዋል፤ በጠራራ ፀሐይ የአጥር አምፖል ሳይቀር ያበራል። ወንዙ ዳር ያለው ሰባተኛ እርከን ግን ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ። ልቢቱ ጥቂት ትመታና ትጠፋለች።

የሰባተኛ እርከን ወላጆች ሁለት ጊዜ ከስሰው ሁለት ጊዜ ተረቱ። ሦስተኛው ይግባኝ የመጨረሻው ነበር። እሱንም ከተረቱ፣ በሁለት ሰዓት ብርሃን መማር አይቻልምና ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ልጆቹም ለመማር በየቀኑ ሁለት ሺህ ደረጃ ሊወጡ ነው። የትንንሾቹ እግር ያንን አይችልም፤ ቤት መቅረታቸው ነው።

ችሎቱ አምስት ቀን ሲቀረው ሦስተኛው መስታወት ተበላሸ ተባለ። ጠጋኟ ትርንጎ ናት፤ ሃያ ዓመት የሠራች፣ ነገር የማታበዛ ሴት። መሣሪያዋ «ብርሃን ወደ ሰባተኛ እርከን ይፈሳል» ስላላት፣ መጀመሪያ የፈሰሰበትን ልታይ ወረደች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። የትምህርት ቤቱ መምህር ዋለልኝ በራፍ ላይ ቆሟል።

«ዛሬ ፀሐይ መንገድ ስታ እኛ ቤት ገብታለች» አላት። «አታሳብቂባት።»

«ልመልሳት ነው የመጣሁት፣ መምህር።»

«መፍቻሽን አይቼዋለሁ እኮ። ብቻ ይህቺን ትምህርት እስኪጨርሱ ታገሺኝ።»

ታገሰች። ውስጥ አንዲት ልጅ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ከሚተነፍሰው ሳንባ ጋር እኩል ትተነፍሳለች። «ዛሬ አልጠፋም» አለች ለጓደኛዋ፣ ቀስ ብላ፣ ግድግዳው እንዳይሰማት።

ትርንጎ አፋፉ ላይ ወጥታ ብትፈትሽ መስታወቱ ደህና ነው፤ ማጠፊያውም ደህና ነው። የተሰበረው አንድ የዛገ ብሎን ብቻ። ብሎኑ ከወደቀ ወዲህ መስታወቱ በራሱ እየዞረ ለሰባቱም እርከን በየተራ ያበራል። ማጠፊያው ከጥንቱ እንዲህ እንዲዞር ተሠርቷል፤ አላዞር ያለው ብሎኑ ነበር። ሌሎቹን ስድስት መስታወቶች አየች። ሁሉም ላይ እንዲህ ያለ ብሎን አለ።

አለቃዋ በሬዲዮ «አዲስ ብሎን አስገቢና ውረጂ» አላት።

«አላስገባም። ነገሩ ችሎት ላይ ነው፤ የሚከራከሩበት ነገር እስኪፈረድ አይነካም።»

«ሥራሽን ታጫለሽ፣ ትርንጎ።»

«መፍቻው የራሴ ነው» አለችና ወረደች።

በችሎቱ ቀን የላይኞቹ እርከኖች ጠበቃ አቶ ልዑልሰገድ ተነሡ፤ አንደበታቸው ማር ነው። «ማንም ማንንም አልበደለም፣ ክብርት ዳኛ። ፀሐይ ከላይ ናት፤ ገደልም ገደል ነው። ተፈጥሮ ይከሰሳል?»

በጀማ ችሎት የጥንቱ ወግ አልቀረም፤ ምስክር «ይጠየቁልኝ» ካለ፣ ተጠያቂው ሳይመልስ አይቀመጥም። ለወላጆቹ ምስክር ሆና የቀረበችው ትርንጎ የወደቀውን ብሎን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይጠየቁልኝ፣ አቶ ልዑልሰገድ። ይህን ብሎን ያጠበቀችው ፀሐይ ናት?»

ጠበቃው አገላብጠው አዩት። እጃቸው በዝገት ቀላ። «ፀሐይ...» አሉ በመጨረሻ፣ «ፀሐይ መፍቻ የላትም።»

ዳኛ አስካለች መነጽራቸውን አወለቁ። «መስታወቱ ተፈትቶ በዞረባቸው አምስት ቀናት ከላይኞቹ ትምህርት ቤቶች አቤቱታ መጥቷል?»

«አልመጣም፣ ክብርት ዳኛ። የጠፋው የአጥሩ አምፖል ነው» አሉ ጠበቃው።

ተፈረደ። ሕጉ ተሻረ፤ የቀሩት ስድስት መስታወቶች እንዲፈቱ፣ ብርሃኑም እንደ ልጆቹ ብዛት እንዲከፈል ታዘዘ። የሚፈታው ሰው ሲፈለግ አለቃዋ ራሱ ትርንጎን ጠራት።

የመጨረሻውን ብሎን ስትፈታ ከሥሩ ባለው ብረት ላይ የተጫረ ጽሑፍ አገኘች። ዝገቱን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ከሰማንያ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፦ «ጭጋጉ ብርሃን ወደ ታች አላሳልፍ ስላለ ታሰረ። ለዚህ ክረምት ብቻ። በመስከረም ይፈታ።»

እዚያው ቁጭ አለች። ማታ ለመምህር ዋለልኝ ስትነግረው «ክፉ ሰው ስፈልግ ነበር» አለችው። «ያገኘሁት የረሳ ሰው ነው። እኛ ደግሞ የረሳውን ሕግ አድርገን ጻፍነው።»

ብሎኑ ይኸውላችሁ፣ ተቀባበሉት። ይከብዳል አይደል? የሚያስጨንቅ ክረምት ለእናንተም ይመጣል፤ ለጊዜው ብላችሁ የምታጠብቁት ነገር አይጠፋም። እንግዲህ ልጆቼ፣ አደራችሁን፣ መስከረም ሲጠባ መፍታቱን አስታውሱ።