የኪሮስ ስልክ ተገናኝቷል

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ ጓደኞቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ በሳቅ የማቋርጣቸው እኔ ነኝ፣ ደግሞም የምነግራችሁ በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም፣ እሁድ ከሰዓት ነው፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ልጆች ታች ኳስ እየተጫወቱ።

ጎረቤታችን እትዬ ለተብርሃን ዋይፋይ አላቸው፣ ያስተካከልኩላቸው እኔው ነኝ፣ እኔም ልጠቀም ስላቸው ግን ይጨናነቃል ብለው ከቤተሰባቸው ስልክ ሌላ እንዳይገባ አስደረጉኝ። ኔትወርክ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ አድራሻ አለው፣ ዋይፋዩ የሚለየው በዚያ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የምሰካት ትንሽ የዋይፋይ መቀበያም የራሷ አላት፣ ስሰካት ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም አድራሻዋን ከውስጧ ያነባል። የድራይቨሩ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ እና አንዷን መስመር ቀየርኩና በማንበብ ፋንታ ዋይፋዩ ላይ ከተመዘገቡት አንዱን፣ የኪሮስን ስልክ አድራሻ እንዲሰጥ አደረግኩት።

ኪሮስ የእትዬ ልጅ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ያረፈ። የመረጥኩት እሱ ስለማይጠቀምበት ነው፣ በቃ እንደዚያ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ አሁን ስጽፈው ራሱ ፊቴ ይግላል።

ያን እሁድ እትዬ በራችንን አንኳኩ፣ ስልካቸው ላይ የዋይፋዩ መልእክት «የኪሮስ ስልክ ተገናኝቷል» ይላል፣ ሳምንቱን ሙሉ ይመጣል ይሄዳል አሉኝ። የልጃቸውንም ስልክ ይዘውት መጥተዋል፣ ባትሪው አብጦ ጀርባው ተከፍቷል። በመጣ ቁጥር ክፍሉ ገብተው የሰፈሩን ወሬ እንደሚያወሩለት ሲነግሩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መጣሁ ብዬ ገባሁ፣ የቀየርኩትን አጥፍቼ ያልተነካውን ድራይቨር ጫንኩ፣ መቀበያዋን ነቅዬ ሰካኋት። እመኑኝ፣ የራሷ አድራሻ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል፣ ድራይቨሩ ግን አነበብኩ ብሎ የጻፈው የኪሮስን ነው። እንደገና አውርጄ ሞከርኩ፣ ያው። ሁልጊዜ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራቷ ደግሞ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ፣ ቀስ እያለች ትበራ ትጠፋ ጀመር።

ነቀልኳትና በእጄ ጨብጬ ወጣሁ፣ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ኪሮስ አይደለም፣ የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው፣ እጄንም ከፍቼ አሳየኋቸው። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ስልካቸውን አዙረው አሳዩኝ፣ አሁንም ተገናኝቷል።

«ታዲያ ይሄኛው ማነው?» አሉኝ።

ቤታቸው ገቡ፣ እኔም ተከትያቸው በሩ ላይ ቆምኩ፣ የኪሮስን ክፍል በር ገርበብ አድርገው ቀስ ብለው ሲያወሩ ሰማሁ።

«የጎረቤት ልጅ ናት፣ ልጅነት ነው፣ አትቀየማት።»

ከዚያ ዝም አሉ፣ መልስ እንደሚሰማ ሰው። ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።