አቤት ያልኳት ሥዕል

«አቤት» አልኩ።

ሰናይት ከኪችን ብቅ አለች። «ምን አልክ ጋሽ ጀማነህ?»

«ጠራሽኝ አይደል እንዴ?» ስል ድምፄ ሻከረብኝ።

«እኔ? ኧረ አልጠራሁህም።»

በቃ፣ የጀመረው እዚህ ጋ ነው... የሰማሁት ወሬ አይደለም፣ ራሴ ላይ የደረሰ ነው። 2021፣ ጃንዋሪ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዋይትሆል ከተማ፣ ጎረቤቴ ሰናይት ሳሎን ውስጥ።

በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሔርሞን አንድ የስፔን ሙዚየም በቲቪ እየጎበኘች ነበር። ድሮ የመኳንንት ቤተ መንግሥት የነበረ፣ የድንጋይ ቅስትና ረጅም ኮሪደር ያለው። እኔም ቲኬት የሚጠይቀኝ ስላጣሁ አብሬያት ሶፋው ላይ ጎብኚ ሆኛለሁ።

አንድ ሥዕል ጋ ደረስን። ጥቁር የለበሰች ሴትዮ... አንገቷ ዙሪያውን ነጭ ጨርቅ ተሸብሽቦበታል።

«ይቺን ሴትዮ ኬክ ወረቀት ውስጥ ማን አስቀመጣት?» አልኩ። ሔርሞን ሳቀች።

«ጀማነህ» የሚል የሴት ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቀጭን... ቅርብ።

ሥራ ቦታ ጄ ይሉኛል፣ ሰፈር ውስጥ ጋሽ ጀማነህ። እንዲህ ባዶውን የሚጠራኝ የለም። ግን ሰው ሲጠራ አቤት ይላል... አልኩ።

ሰናይት ወደ ኪችኗ ተመለሰች።

«ድምፁን ከፍተሽዋል?» አልኳት ሔርሞንን በሹክሹክታ።

«ኖ... ሚዩት ነው።»

ወደ ሥዕሉ ዞርኩ።

ቅድም ገጥሞ የነበረው የሴትዮዋ አፍ... ትንሽ ተከፍቷል።

ሔርሞንን «ቲቪውን ዝጊው» ልላት ሞከርኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ድምፄ የለም።

«ሔርሞንዬ...»

ከቲቪው ነው። የኔ ድምፅ። ስቀልድ ቃል የምስባት ነገር ሳትቀር።

ልጅቷ እኔን አየች፣ ቲቪውን አየች። ልትመልስ ከንፈሯ ተላቀቀ።

እኔ አንዴ አቤት ብል ድምፄን ወሰደችው። ይቺ ልጅ ብትመልስላት... ምኗን ልትወስድ ነው?

አፏን በእጄ አፈንኩት።

ሰናይት ሮጣ መጣች። በጣቴ ሥዕሉን አሳየኋት። አየች። የቲቪውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው።

ስክሪኑ ጠፋ።

ሦስታችንም ተጣብቀን ቆምን።

ከዚያ... የውጭው በር ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ።

ሰናይት ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበቻት። «ማነው?» አለች፣ ለመሰማት በማይበቃ ድምፅ።

«ኧረ ጎረቤት ነኝ» አለ የኔ ድምፅ። «ስኖው ላይ ልታስቀሩኝ ነው?»