መርማሪ ኢሶጋይ ለምን ያዝን ነበር

ቺዙሩ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ያለውን የጓደኛዋን የማዮን የጫማ ሣጥን እንደከፈተች ቆማ ቀረች። ማዮ በዝናቡ እንዳትርስ ታጣፊ ጃንጥላዋን ልታስቀምጥላት ነበር የመጣችው።

በጽዳት ሰዓት የክፍላቸው መስኮት ሲሰበር የት እንደነበረች መምህርቷ ጠይቀዋት፣ ማዮ «ቆሻሻ ልደፋ ወጥቼ ነበር» ብላለች። ቆሻሻ የሚደፋው ግቢው ጥግ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ከምሳ ጀምሮ አላባራም። ሁሉም መግቢያው ላይ ጫማ ስለሚቀይር፣ በቤት ውስጥ ጫማ ደጅ የሚወጣ ተማሪ የለም። የማዮን የውጭ ጫማ ግን አንድ ጠብታ አልነካውም።

ጥፋቱ የተለጠፈው የክፍላቸው ልጅ ቴፔይ ላይ ነው። መጥረጊያውን እንደ ቤዝቦል ዱላ ሳያወዛውዝ የዋለበት ቀን ስለሌለ «እኔ አይደለሁም» ቢል ማን ሰምቶት። የእሁዱን የቤዝቦል ግጥሚያ አትጫወትም ተባለ።

የቴሌቪዥኑ መርማሪ ኢሶጋይ ትዝ አላት። አንደኛ ደረጃ ሳሉ፣ ከትምህርት መልስ የማዮ አያት ቤት እግራቸውን ማሞቂያ ያለው ጠረጴዛ ሥር ከተው፣ መንደሪን እየላጡ፣ የእሱን የድሮ ድራማ በድጋሚ ሲተላለፍ ያዩ ነበር። አያትየው ገዳዩን ገና ሲጀመር ይጠቁማሉ፤ ሁሌም ይሳሳታሉ።

«ይሄ ጢማሙ ነው። ዓይኑን እዩት።»

«አባባ፣ ትናንትም ጢማሙ ነው ብለው ነበር።»

«የትናንቱም ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም።»

አሁን ያ ቤት ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል።

ኢሶጋይ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። እውነቱ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል፤ ፊቱ ላይ ደስታ አይታይም። ቺዙሩ የምትወደው ለዚያ ነበር፤ ለምን እንደሚያዝን ግን አይገባትም ነበር። ደረቁን ጫማ ስታይ ገባት።

«ሣጥኔን ምን ትበረብሪያለሽ?» ማዮ ከኋላዋ መጣች፣ እየሳቀች። ቺዙሩ የምታየውን ስታይ ሳቋ ጠፋ። «መርማሪ መሆንሽ ነው?»

«ጫማሽ ደረቅ ነው።»

«ቴፔይ እኮ ለምዶታል። ያልተቀጣበት ሳምንት አለ?»

«እሁድ ግን አይጫወትም።»

ማዮ ወለል ወለሉን አየች። «ልትነግሪያቸው ነው?»

ቺዙሩ አዎ ብትል ማዮን ልታጣ ነው፤ አይ ብትል ነገ ቴፔይን በምን ዓይኗ ታየዋለች? ወደ ቤት ልትሄድ ያደረገችውን የውጭ ጫማ አወለቀችና የቤት ውስጡን መልሳ አጠለቀች።

«መምህርቷ ገና አልሄዱም» አለች። «አብሬሽ እገባለሁ።»

ከዚያ ወደ መምህራን ክፍል የሚወስደውን ደረጃ መውጣት ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ ማዮ ልትደርስባት እንድትችል።