ከኤልሲ ምንጣፍ ሥር

ኤልሲ ፓስኮ የሞተችው በገዛ ወለሏ ላይ ነው።

ረቡዕ ጠዋት። ከመኝታ ቤቷ በር አንድ እርምጃ ወጣ ብላ። ግንባሯ የበሩን መቃን መትቶ። የበሩ ምንጣፍ ተሸብሽቦ ግድግዳው ጋ ሄዶ ተለጥፏል። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር።

ኬሪን ማዶክ የከተማዋ ብቸኛ ፖሊስ ናት። ጫማዋን በረንዳ ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። እዚያ ቤት፣ ሬሳም ቢኖር፣ በጫማ አይገባም። ፎቶ አነሳች። የኤልሲን ጎረቤት ማቪስን አናገረች፤ ወድቃ ያገኘቻት እሷ ነበረች። ሐኪሙ «ከወደቀች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ሳትቆይ አልቀረችም» አለ። ኬሪን ወረቀቱ ላይ «አደጋ» ብላ ፈረመች።

ከተማው ግን አልፈረመም። ከተማው ጥፋተኛ ፈለገ፤ ትሬሲን አገኘ። ትሬሲ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች ቤት የምታጸዳዋ ናት። «ወለሉን ሰም አጥግባው አሮጊቷን ገደለቻት» ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቤት በሩን ዘጋባት።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ቶንኮ ደወለ። ቶንኮ ወለል ሠሪ ነው። የኤልሲ ልጅ ቤቱን ሊሸጥ ስለሆነ አንድ እጅ ቫርኒሽ እንዲቀባለት አዞታል።

«ኬሪን፣ ነይ።»

«ምን ሆንክ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ወለሉ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ ቶንኮ።»

«የምን ሥራ? ትናንት መንገድ ላይ በግ ስታባርሪ አይቼሻለሁ። ነይ።»

ከተማው ውስጥ በስሟ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «ፖሊሷ» ናት። ከመጣች ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሄደች።

ቤቱ ባዶ ነው። ዕቃው ወጥቷል። ጃራ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራው ጣውላ ብቻ ቀርቷል፤ ጥቁር ቀይ፣ ከመስኮቱ እስከ ማድቤቱ ድረስ እንደ ውሃ የተኛ። ቶንኮ መኝታ ቤቱ በር ጋ ተንበርክኳል።

«ሌላው ቦታ እንደ መስታወት ያዘልኝ» አለ። «እዚህ ጋ እዪ።»

በምንጣፍ ልክ የሆነ ቦታ። ቫርኒሹ እየሸሸ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ሠርቷል። የተቆራረጠ ወተት ይመስላል።

«እኛ የዓሣ ዓይን ነው የምንለው። የቁም ሳጥን ማብረቂያ አለ አይደል፣ ያ የሚረጨው ቆርቆሮ? እሱ እንጨት ከነካ ቫርኒሽ አይቀመጥበትም። ወለል ላይ ከፈሰሰማ ዝንብም ያንሸራትታል።»

«በቃ፣ ትሬሲ ረጭታበታለች።»

«ቀስ በይ እንጂ! ረጭታበት ቢሆን የግድግዳው ግርጌም ይነካ ነበር። ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ነው የተረጨው። ከዛ ተወለወለ። በጣውላው ርዝመት፣ አየሽ? አንዴም አግድም አልሄደም። ከምንጣፉ ጠርዝም አላለፈም።»

«እና?»

«እና ይሄ የችኩል ሠራተኛ እጅ አይደለም። ወለል የሚወድ ሰው ነው። እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ አልወለውልም፣ ተከፍሎኝም።»

ኬሪን አጠገቡ ተንበረከከች።

ከምንጣፍ ሥር ማንም አያይም። እንዲያምር ብሎ እዚያ የሚያብረቀርቅ ሰው የለም።

ፊርማዋ ትዝ አላት።

ግሌን፣ የኤልሲ ልጅ፣ በረንዳ ላይ ሣጥን እያሰረ ነበር።

«እናትህ ከመሞቷ በፊት ማክሰኞ የት ነበርክ?»

«ፐርዝ፣ ትልቁ ከተማ። ሥራ ላይ። አርባ ሰው አይቶኛል። ምነው?»

«ቤቱ ያንተ ሆነ።»

ሳቀ። ሳቁ አያምርም። «ይሄን ቤት ነው? ዝናቡ ሳይገባ እኔ ጋ ልትመጣ ነበር እኮ። ክፍሏን አዘጋጅቼ። የነበረውን ምንጣፍ ነቅዬ፣ እንጨት አስነጥፌላት። "እንጨት ካልረገጥኩ አልመጣም" ብላኝ። እስካሁን ማንም አልረገጠውም።» ገመዱን ለቀቀው። «ገብቼ አላየውም እንኳን።»

«መምጣቷን ማን ያውቃል?»

«እኔ። ሚስቴ። ማቪስ። ሌላማ የምትነግረው ሰው መች ነበራት?»

ኬሪን ፐርዝ ደወለች። ግሌን ያን ማክሰኞም ረቡዕም ሥራ ላይ ነበር። እውነቱን ነው።

ትሬሲን ያገኘቻት መኪናዋን ስትጭን ነው። ፍራሽ፣ ድስት፣ ሁለት ባልዲ።

«ልታስሪኝ መጣሽ?»

«ጥያቄ አለኝ።»

«ሁሉም ጥያቄ አለው። ባለ ዳቦ ቤቷ ራሷ ጠየቀችኝ። ዳቦውን ግን አልሰጠችኝም።»

«የሚረጭ ማብረቂያ ትጠቀሚያለሽ?»

«ሌላ ቤት አዎ። ኤልሲ ቤት? ቦርሳዬን በር ላይ ትፈትሸው ነበር እኮ! እንደ ኤርፖርት። ቆርቆሮ ካገኘች በረንዳ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስወጣ ትመልስልኛለች።»

«ወለሉንስ?»

«የኔ መስኮትና መታጠቢያ ቤት ነው። ወለሉ የረቡዕ ነው።»

«የረቡዕ ምን ማለት ነው?»

«የሷና የማቪስ። ሃያ ሁለት ዓመት። ኤልሲ በለስላሳ መጥረጊያ ትጠርጋለች። ማቪስ ጠብ የማይል የተጨመቀ ጨርቅ ይዛ ከኋላ ከኋላ። እንደ ቅዳሴ። ከዛ ወለሉ እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ሻይ። እኔ አንድ ቀን ልርዳ ብዬ አግድም ብጀምር ማቪስ ጨርቁን ከእጄ ነጠቀችኝ።»

«ማክሰኞ ስትወጪ ኤልሲ ቤት ነበረች?»

«አብረን ወጣን። ፀጉሯን ልትሠራ። ማክሰኞ ከሰዓት ሁሌ ፀጉር ቤት ናት።»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«ማቪስ። ሌላ ማን ይኖረዋል?» ትሬሲ ባልዲውን ወረወረችው። «ይልቅ መረቡ ተገኘ?»

«የምን መረብ?»

«ከምንጣፉ ሥር የነበረው። እንዳይንሸራተት። ነጭ ነው። ወለል የማያበላሸውን ዓይነት በፖስታ አስመጥታ፣ ጠርዙን በአረንጓዴ ክር ራሷ ሰፍታው። እሱ ካለ ምንጣፉን በሬም አይጎትተው።»

ኬሪን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ፎቶዎቹን አወጣች። የተሸበሸበ ምንጣፍ። ባዶ ወለል። መረብ የለም። ቶንኮ ጋ ደወለች፤ አላየም። ግሌን አላየም።

ያን ቀን እሷም አላየችም። ምን እንደጎደለ የሚነግራት ሰው አልጠየቀችም።

በሁለቱ ቤት መሀል ሣሩ ላይ በእግር የወጣች ቀጭን መንገድ አለች። ከኤልሲ በረንዳ እስከ ማቪስ በረንዳ። ሣሩ ተመልሶ መብቀል ጀምሯል።

ማቪስ ሮው በረንዳዋ ላይ ነበረች። ሁለት ወንበር። አንዱ ላይ ተቀምጣለች። የገዛ ወለሏን ወልውላ እስኪደርቅ እየጠበቀች ነው።

«ግቢ ልጄ። ደርቋል። ጫማሽን ብቻ።»

ማድቤት ገቡ። ማቪስ ሁለት ሲኒ አወጣች። ከደስታዋ ብዛት ማንኪያ ጣለች። የወንበሮቹ እግር ሁሉ ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ሲጎተቱ ድምፅ የላቸውም። ቤቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም።

«ስኳር?»

«አልፈልግም። ኤልሲ ልትሄድ እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ምን ተሰማዎት?»

«ምን ይሰማኛል? ልጇ ነው። ይውሰዳት።» ሻዩን ቀዳች።

ኬሪን ተነስታ ወደ ሲኒ ማጠቢያው ሄደች። ከፊቱ ምንጣፍ ተነጥፏል። በካልሲዋ ረገጠችው። ገፋ አደረገችው። አልተነቃነቀም።

ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለጠች።

ነጭ መረብ። ለዚህ ምንጣፍ ያጥራል፤ የተቆረጠው ለሌላ ነው። ዙሪያውን አረንጓዴ ክር።

ማቪስ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«መጣል አልቻልኩም» አለች። «የሷ ስፌት ነው።»

«ማቪስ፣ ከአሁን በኋላ የሚሉት ሁሉ ይጻፋል። ዝም ማለትም ይችላሉ።»

«ዝም ማለትማ ጠገብኩ ልጄ። ተቀመጪ። ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

ኬሪን ተቀመጠች።

«ትንሽ ነበር የፈለግኩት። ቁርጭምጭሚት። የእጅ አንጓ። እኔ እያበሰልኩላት፣ እኔ እያጠብኳት ትቆያለች። "እንዲህ ሆና እንዴት ትሄዳለች" ይባላል። ዝናቡ ያልፋል። ከዛ ልጁም ይተዋል። በቃ ይሄው ነው።»

«ማክሰኞ ገቡ።»

«ፀጉሯን ልትሠራ ስትሄድ። መረቡን አወጣሁ። ማብረቂያው የኔ ነው፣ ለፒያኖው። ጨርቅ ላይ አድርጌ…»

«በጣውላው ርዝመት።»

«ሌላ እንዴት ይወለወላል?» ተቆጣች። እውነተኛ ቁጣ። «ከምንጣፉ ውጪ እንዳይነካ ተጠንቅቄያለሁ። ወለሏ ነዋ!»

«ከዛ?»

«ማታውን ሁሉ በመስኮት ጠበቅኩ። አልወደቀችም። አልሠራም ብዬ ተኛሁ። ተመስገን ብዬ ነው የተኛሁት፣ እመኚኝ። ጠዋት ግን…»

«ጠዋት ምን?»

«ጠራችኝ።»

ኬሪን ብዕሯን አቆመች።

«እኔ ጋ የደወሉት ለሁለት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። ስትጠራዎት ስንት ሰዓት ነበር?»

«አንድ ሰዓት አልሞላም። መስኮቱ ክፍት ነው። "ማቪስ" አለች። ጥርት ብሎ ተሰማኝ።»

«ለምን አልሄዱም?»

ማቪስ ሲኒዋን ሳህኑ ላይ አዞረችው። አንዴ። ሁለቴ።

«ልሄድ ተነስቼ ነበር። ነጠላ ጫማዬን አድርጌያለሁ። ግን ደግማ እንድትጠራኝ ፈለግኩ። አንዴ ብቻ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስሜን የሚጠራ ሌላ የለም። ሱቅ እንኳን "የኔ እናት" ነው የሚሉኝ። እሷ ስትሄድ ማን ሊጠራኝ ነው አልኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።»

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቆጠረ።

«አልደገመችም» አለች ማቪስ።

ኬሪን ምንም አልጻፈችም። ሻዩን ጠጣች። ቀዝቅዟል።

«ትሬሲ ከተማውን ለቃ እየሄደች ነው። የገደለቻት እሷ ናት እየተባለ። ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምንም አላሉም።»

«ማን ጠየቀኝ? ከቀብሩ ወዲህ እዚህ ቤት የገባሽ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ኬሪን ስልኳን አወጣች። «ትሬሲ፣ ዕቃሽን አውርጂ» አለች። «አዎ። ፖሊሷ ነኝ። አውርጂው። ማምሻውን ዳቦ ቤቱ ፊት ቆሜ ራሴ እናገራለሁ።»

ማቪስ ሁለቱን ሲኒ አጠበች። አደረቀች። መረቡን ከምንጣፉ ሥር አውጥታ በአራት አጥፋ ለኬሪን ሰጠቻት። ወለሉን አንዴ ዞራ አየችው፤ ማጠቢያው ጋ አንድ የውሃ ጠብታ ነበር። ጎንበስ ብላ በመሐረቧ ጠረገችው። በጣውላው ርዝመት።

በረንዳው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ጫማቸውን አደረጉ። አንደኛዋ በአንዱ ወንበር፣ ሌላዋ በሌላው።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«እዚያ… እስር ቤት። ስም ይጠራሉ?»

«ይጠራሉ። ጠዋትና ማታ፣ ሲቆጥሩ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ማቪስ አሰበች። የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ አሰረች።

«እሺ» አለች። «እንሂድ።»